ዝግ ሰዓት

«እኔን ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው፣ ማናንግ» አለ ቪሴንቴ፣ ዴልፊናን እንደ ታላቅ እህት እየጠራ፣ ዓይኑን ከሬሳ ሳጥኑ መስታወት ሳይነቅል። «ጠረጴዛዬ ላይ የወረቀት ክምር እንጂ እኔ አልታይም ነበር። አንድ ቀን መጥተው ከፊቴ ቆሙና ‹ልጄ፣ ሥራ የበዛበት ሰው የለም፤ ያለው ሥራውን ያልለየ ሰው ነው› አሉኝ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ያወቅኩት ከዚያ ወዲህ ነው።»

ዴልፊና የዱቄት ቡና የተበጠበጠበትን የፕላስቲክ ኩባያ አቀበለችው። አመሰግናለሁ ልትል አፏ ላይ ከደረሰ በኋላ ዋጠችው። ለቅሶ የደረሰን ሰው ማመስገን ሞትን ድገመኝ እንደማለት ነው ብላ ያሳደገቻት እናቷ ናት።

«ጠጣ እንጂ፣ ይቀዘቅዝብሃል» አለችው በምትኩ።

ቪሴንቴ በኢሎኢሎ ወደብ የመርከብ ጭነት ድርጅት ውስጥ የባሏ የአውሬሊዮ ምክትል ነበር። ሰኞ ጠዋት አውሬሊዮ ስብሰባ መሐል ደረቱን ይዞ ከወንበሩ ሲንሸራተት የደገፈውም እሱ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሐዘኑን ነገር ሁሉ በእጁ አስገብቶ፣ የጸሎቱ ተራ በየትኛው ምሽት የማን እንደሆነ፣ እዝን ማን እንደሚያመጣ፣ ሳጥኑን እነማን እንደሚሸከሙ በሰንጠረዥ አውጥቶ በሩ ላይ ለጥፏል። «እሳቸው ቢሆኑ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት» ይላል ለሚያነበው ሁሉ።

ዴልፊና ይህን ስትሰማ አንገቷ ቀና ይላል። ግቢው ውስጥ በተወጠረው ሸራ ሥር ካርታ የሚጫወተውም፣ ለውዝ የሚፈለፍለውም፣ የሚያወራው ስለ አውሬሊዮ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በደብሩ አዳራሽ ሥራን ከሥራ መለየት ያስተማራቸው ሁሉ እየመጡ፣ ሳጥኑ ላይ አጎንብሰው፣ «ዕድሜዬን የመለሱልኝ እሳቸው ናቸው» እያሉ ያለቅሳሉ። በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ዴልፊና ባሏ የሞተባት ሳይሆን ባሏ የተሾመላት ትመስል ነበር።

አውሬሊዮ ቤቱንም የሚመራው እንደ መሥሪያ ቤቱ ነበር። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው በአራት የተከፈለ ነው፤ «ዛሬ የግድ»፣ «ቀን የሚቆረጥለት»፣ «ሌላ ሰው ይሥራው»፣ «ይቅር»። ከሚያፈሰው ጣሪያ አንስቶ እስከ ልጃቸው እስከ አርሊን የጥርስ ሐኪም ድረስ፣ የቤቱ ጉዳይ ሁሉ በባለ ቀለም ብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ከአራቱ በአንዱ ይለጠፋል። እሑድ ከራት በኋላ ሦስቱም ሰሌዳው ፊት ይቀመጣሉ። ያለቀው ይነሳል፤ ያላለቀው ቦታ ይቀይራል። «የሚጮህ ሁሉ ዋና አይደለም» ይላል አውሬሊዮ ብጣሹን እያነሳ፤ «ዋና ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጮህም።»

ሐሙስ ከሰዓት ግን ለብቻው ነበር። ከምሳ በኋላ ፀሐይ እስክትጠልቅ «ዝግ ሰዓት» ነው። አውሬሊዮ ለመሥሪያ ቤቱም ለሚስቱም የነገራቸው አንድ ነገር ነው፤ ከደብሩ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ባለች ክፍል ተዘግቶ ትልቁን ሥራውን፣ የማስተማሪያ መጽሐፉን ይጽፋል። «ሰው በሳምንት አንዴ ከራሱ ጋር ካልተዘጋ፣ ዕድሜውን የሌላ ሰው እሳት ሲያጠፋ ይጨርሰዋል» ይል ነበር። ስልክ አይነሳም፤ ማንም አይጠይቀውም። ዴልፊናም ያችን ሰዓት እንደ ታቦት ጠበቀችለት። በሩን ያንኳኳውን ሁሉ «ዛሬ ሐሙስ ነው» ብላ ትመልሳለች። ጎረቤቶቿ ስሟን አሳጥረው «የነፊና ቤት ሐሙስ ቢቃጠል እሳቱ ለዓርብ ይቀጠራል» ብለው ሲያሾፉባት አብራቸው ትስቅ ነበር። በልቧ ግን ትኮራበት ነበር። የስንቱ ሴት ባል ከሰዓት በኋላውን የት እንደሚውል ይታወቃል?

ዓርብ ከሰዓት፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሳጥኑን ከበው በተቀመጡበት፣ ሦስት ሰዎች በሩ ላይ ቆሙ። ነጠላ ጫማ አድርገዋል፤ እግራቸው ላይ የባሕር ጨው ደርቋል። አንደኛው በሩዝ ጆንያ የተጠቀለለ ጊታር አቅፏል። ከፊት ያሉት ፀጉራቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

«ኢንዳይ» አሉ ዴልፊናን፣ ሽማግሌዎች ታናናሾቻቸውን ሴቶች እንደሚጠሩት። «ሬሊ ያለው እዚህ ነው? ማረፉን ወደብ ላይ ሰምተን ነው።»

«ሬሊ የሚባል እዚህ የለም፣ ማኖንግ» አለች እሷም እንደ ታላቅ ወንድም እየጠራቻቸው። «ቤት ተሳስታችሁ ይሆናል። ከገበያው ጀርባም ሐዘን አለ።»

ሽማግሌው ወደ ግቢው ዞረው ሸራው ላይ የታተመውን ትልቁን ፎቶ ቀና ብለው አዩት። «ይኸው እሱ ነው እንጂ! ተኮሳትሮ ነው እንጂ ራሱ ነው።» ከዚያ ማንንም ሳይጠብቁ ወደ ሳጥኑ አለፉ። መስታወቱ ላይ አጎነበሱ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሲያለቅሱ ይሁን ሲስቁ አይለይም።

«አንተ ሰነፍ!» አሉት። «አንተ የሰነፍ መጨረሻ! ትናንት ጀልባዋን በጀርባዋ አስተኝተን፣ ጥላ ይዘን ስንጠብቅህ ዋልን። ለካስ ከእኛ ቀድመህ ተጋድመሃል!»

ቪሴንቴ ከወንበሩ ተነሳ።

«ይቅርታ ማኖንግ፣ ተሳስተዋል። እዚህ ያረፉት ሚስተር አውሬሊዮ ናቸው። የዕቅድ ክፍል ኃላፊያችን።»

«የምን ክፍል?»

«የዕቅድ።»

ሽማግሌው ቪሴንቴን ከላይ እስከ ታች አዩትና ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ሰማችሁ? ሬሊ ዕቅድ ነበረው!» ሦስቱም ዓይናቸው በእንባ እንደተሞላ ሳቁ። «ልጄ፣ እንደዚህ ያለ ሥራ ጠል ኢሎኢሎ አልወለደችም። መርፌ አቀብለኝ ስለው እንኳ ‹ነገ› ነበር የሚለኝ።»

ዴልፊና የአርሊንን ፊት አየች። ልጇ ከማኒላ በአውሮፕላን ከመጣች ወዲህ ከሳጥኑ ራስጌ ተነስታ አታውቅም፤ አሁን ግን ፊቷ ዓመድ መስሎ፣ ማራገቢያዋን ጭኗ ላይ ጥላ መሬት መሬቱን ታያለች።

ዴልፊና ሽማግሌውን ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። ቡና ቀዳችላቸው።

«ስምዎትን ማን ልበል?»

«ኢስቶይ። ቪላ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ጀልባ እጠግናለሁ፤ ማንንም ብትጠይቂ ያሳይሻል።»

«ባለቤቴን ከየት አወቁት?»

«ከየት አወቅከው ትይኛለሽ! ሐሙስ ሐሙስ አብረን እየዋልን።» ቡናውን ፉት አሉና ፊታቸው ፈካ። «ምሳ እንደበላን ይመጣል። የኮሌታውን ቁልፍ ይፈታል፤ ሱሪውን ወደ ላይ ይጠቀልላል። ሰዓቱን ፈትቶ ጫማው ውስጥ ይከታትና ጫማውን ከዛፉ ሥር ይወረውራል። ከዚያ በኋላ ያንን ሰው ንጉሥ ቢጠራው አይነሳም። ይዘፍናል። ይዋሻል፣ ደግሞ ውሸት ያውቅበታል! ሲደክመው የምጠግናት ጀልባ ውስጥ ገብቶ አፉን ከፍቶ ይተኛል። ስንት ጊዜ በሱ ምክንያት ቀለም ሳልቀባ ውያለሁ መሰለሽ።»

«ስንት ዘመን ሆናችሁ?»

«እኔ እንጃ። ብቻ ይህች ልጅ…» በአገጫቸው አርሊንን አመለከቱ። «ይህች ልጅ ያኔ የተማሪ ልብሷን እንደለበሰች መጥታ አይታዋለች። ኢንዳይ፣ አስታወስሽኝ? አይስክሬሙን የገዛሁልሽ እኔ ነኝ፤ አባትሽማ ኪሱን ቢሮ ረስቶ ነበር የሚመጣው።»

አርሊን ቀና አላለችም።

ዴልፊና የባዶ ኩባያዎቹን ትሪ አንስታ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ትሪውን አስቀመጠች፤ እንደገና አነሳችው፤ እንደገና አስቀመጠችው። አርሊን ተከትላት ገብታ በሩን ገርበብ አደረገች።

«ታውቂ ነበር» አለች ዴልፊና፣ ጀርባዋን ሳታዞር።

«እማ…»

«ታውቂ ነበር ወይ ነው ያልኩሽ።»

«ከክፍል ፎርፌ ከጓደኞቼ ጋር ባሕሩ ዳርቻ ሄጄ ነው። ሲዘፍን ሰምቼ ነው የዞርኩት። እኔም ደነገጥኩ፣ እሱም ደነገጠ። ‹አንቺ አላየሽኝም፣ እኔም አላየሁሽም› አለኝ። በዚያው ቀረ።»

«በዚያው ቀረ!» ዴልፊና ዞረች። «እሑድ እሑድ እዚህ ሰሌዳ ፊት ስንቀመጥ፣ እሱ እያወቀ፣ አንቺ እያወቅሽ፣ የማምነው እኔ ብቻ ነበርኩ ማለት ነው? ‹እማ ወረቀቱን አቀብዪኝ› ስትዪኝ በልብሽ ትስቂብኝ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም! እማ፣ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ምላሴ ላይ ደርሷል። ግን እዚያ ሲስቅ አይቼዋለሁ። ቤት ውስጥ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ደስታውን መንጠቅ መሰለኝ።»

«ይኸ ነው ማጽናኛሽ? እኔ ዘንድ የማይስቅ ሰው ሌላ ጋ ይስቅ ነበር ብለሽ ልታጽናኚኝ ነው?»

አርሊን አለቀሰች። ዴልፊና ልታቅፋት እጇን ዘርግታ ነበር፤ ከዚያ መለሰችው። ልቧ ወደ ሌላ ሐሙስ ሄዶባታል።

እናቷ ጊማራስ ደሴት ላይ ለብቻዋ ትኖር ነበር። ከኢሎኢሎ ወደብ በሞተር ጀልባ ቢሄዱ ላብ ሳይደርቅ ይደረሳል። አንድ ጥር ላይ እናቷ ደወለችና «ሳሉ አልለቀቀኝም፤ እስቲ ብቅ በዪ» አለቻት። ዴልፊና ያንኑ ዕለት ልትሄድ ቦርሳዋን አንስታ ነበር። አውሬሊዮ ግን አስቀመጣት። እናትየው ሐኪም አይቷታል፣ ትኩሳት የላትም፣ የዲናግያንግ በዓል ደርሶ ጀልባው ሁሉ ተጣቧል። «ዋና ነው፣ ግን የሚቸኩል አይደለም» አለና ብጣሹን ወረቀት «ቀን የሚቆረጥለት» ውስጥ ለጠፈው። ከበዓሉ በኋላ ያለው እሑድ ተቆረጠ።

«እሑድ ያንቺ ነው፣ እማ» አለቻት ለእናቷ በስልክ።

እናቷ እያሳለች ሳቀች። «እሺ፣ ልጄ ቀጠሮ ሰጠችኝ ብዬ ለጎረቤት ልኩራራ።»

እሑድ አልደረሰም። ከበዓሉ በፊት ባለው ሐሙስ፣ ከተማው ሁሉ ከበሮ እየመታ ሲለማመድ፣ የእናቷ ጎረቤት ደውላ «ፊና፣ አሁኑኑ ድረሺ» አለቻት። ዴልፊና ወደብ ላይ ሆና ለአውሬሊዮ ደወለች። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ። እንደገና ደወለች። ለብቻዋ ተሻገረች። ስትደርስ የእናቷ ግንባር ገና አልቀዘቀዘም፤ እናቷ ግን አልነበረችም።

አውሬሊዮ የመጣው በማግስቱ በመጀመሪያው ጀልባ ነው። ክንዱን ትከሻዋ ላይ አድርጎ «ዝግ ሰዓት ነበር፣ ፊና። ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነበር» አላት። እሷም፣ የእናቷ ሬሳ ፊት ቆማ፣ «ይቅርታ፣ በዝግ ሰዓት መደወል አልነበረብኝም» አለችው።

ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ነበረች።

ዴልፊና ፊቷን በውኃ አበስ አድርጋ ወደ ሳሎን ተመለሰች። ኢስቶይ ካስቀመጠቻቸው ቦታ ናቸው፤ ጊታሩን ከጆንያው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አጋድመውታል። ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ማኖንግ ኢስቶይ፣ አንድ ሐሙስ ልጠይቅዎት። በዲናግያንግ ሰሞን ነው። ልምምዱ የጦፈበት ቀን። ያን ቀን መጥቶ ነበር?»

«ኧረ እንዴት ይረሳል! ያን ቀን ከከበሮው ጋር እየተፎካከርን ነበር የምንዘፍነው። እነሱ ከመንገድ ማዶ ይደልቃሉ፣ እኛ ከወዲህ…»

«ስልክ ተደውሎለት ነበር?»

ሽማግሌው አሰቡ። ጥያቄው የት እንደሚያደርስ አላወቁም፤ ለማስታወስ ብቻ ነው የደከሙት። «ተደውሎለታል። አዎ፣ ዘፈኑ መሐል ነው። አወጣና አየው። ‹ማን ነው?› ስለው ‹ፊና ናት፤ የሚቸኩል ነገር አይሆንም› አለና አሸዋው ላይ በግንባሩ ደፋው። እንደገና ጠራ መሰለኝ። ያን ጊዜ…» ቃላቸው መሐል ላይ ቆመ። የዴልፊናን ፊት አዩት። «ኢንዳይ፣ ምን ነበር?»

«እናቴ ነበረች።»

ግቢው ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች የሆነ ነገር ላይ ተከራክረው ሲሳሳቁ ተሰማ። ኢስቶይ ጊታሩን ቀስ ብለው ወለሉ ላይ አስቀመጡት።

«እናትሽ ምን ሆነች?» አሉ በመጨረሻ፣ መልሱን እያወቁት።

«እሱ ሲዘፍን ሞተች።»

«ማርያም ምስክሬ ናት፣ አልነገረንም። ከዚያ በኋላ ስንት ሐሙስ ቀረ፤ ሲመለስም ጨርሶ አይዘፍንም ነበር፤ ‹ምን ሆንክ?› ብንለው ‹ጉሮሮዬን› ይለናል። ኢንዳይ፣ እኛ ምን እናውቃለን? ልንዘፍንለት ነበር የመጣነው። አንዲት ብቻ፣ እሱ የሚወዳት። ከፈቀድሽ…»

«አልፈቅድም።» ዴልፊና ተነሳች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ለዚህም ነው ሁሉም የሰማት። «ሐሙሱን ወስዳችኋል፣ ማኖንግ። ሬሳውን እንኳ ለእኔ ተዉልኝ።»

ሦስቱ ሰዎች ተነሱ። ጊታሩ ወደ ጆንያው ሲገባ ክሩ ወንበሩን ገጭቶ እንደመቃተት አለ። በባህሉ የመጣን ለቀስተኛ በር ድረስ አይሸኙም፤ ዴልፊናም አልሸኘቻቸውም። ኢስቶይ ግን ደፍ ላይ ቆመው ዞሩ።

«አንዲት ቃል ልናገርና ልሂድ፤ ስድብም ቢሆን እችላለሁ። ‹አንድ ቀን ቤትህ ውሰደንና ሚስትህን እንወቃት› እንለው ነበር። ‹እኛ ቤት ሬሊን የሚያውቀው የለም› ይለናል። ‹ፊና ድሮ ነው የቀበረችው። መቅበሯም ልክ ነበር፤ እኔ ነኝ እየቆፈርኩ የማወጣው።›»

ሄዱ።

ያን ስም ዴልፊና ከመርሳቷ ብዛት ሰው ሲጠራው እንኳ አላወቀችውም ነበር። አሁን ግን መጣባት። ሬሊ የሚባል ቀጭን ጎረምሳ ነበር፤ ሞሎ አደባባይ ላይ ሰው አሰባስቦ የሚያስቅ፣ ቀጠሮ ሰጥቶ የማይመጣ፣ ሲመጣም ይዞት በሚመጣው ሳቅ ጥፋቱን የሚያስረሳ። ያገባችው እሱን ነው። አርሊን ገና ጡት ሳትጥል አንድ ቀን ትኩሳት ያዛት። ዴልፊና መድኃኒት እንዲገዛ ላከችው። መንገድ ላይ ጓደኞቹ ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ አገኘ። ልጅቷ እየነደደች፣ ዴልፊና በር በሩን እያየች ዋለች። ሲመሽ መድኃኒቱን ይዞ እየሳቀ መጣ፤ ላቡ አልደረቀም። ያኔ ደፉ ላይ አቁማ «ወይ ተለወጥ፣ ወይ ልጄን ይዤ ልሂድ» አለችው። ብዙም ሳይቆይ ነጩን ሰሌዳ በትከሻው ተሸክሞ ገባ። ከዚያች ቀን ወዲህ አንድም ነገር ረስቶባት አያውቅም። እንዴት አድርጌ ለወጥኩት ብላ ስንቴ ለእህቶቿ አውርታለች።

ምሽት ላይ ጸሎት የምትመራዋ ባልቴት መቁጠሪያዋን ጨርሳ፣ ለቀስተኛው የዶሮ ሩዝ ሾርባውን ይዞ ወደ ግቢ ሲወጣ፣ ዴልፊና ወደ ሳጥኑ ቀረበች። አርሊን እንባ መስታወቱ ላይ እንዳይወድቅ፣ የነፍሱን መንገድ እንዳይዘጋበት ፈርታ ክንዷን ያዘቻት።

«አትፍሪ፣ እንባ የለኝም» አለች። ከዚያ ለሟቹ፣ በጆሮው እንደምታንሾካሹክ፣ እንዲህ አለችው፤ «ተለወጥ ነው ያልኩህ፣ አውሬሊዮ። ተደበቅ አላልኩህም። ጾሙን ያወጅከው አንተ፣ የገደፍከው አንተ። አምኜ የጾምኩት እኔ ነኝ። እናቴን ጾምኩልህ።»

አርሊን እጇን ከክንዷ ላይ አላነሳችም። ዴልፊናም አላስነሳቻትም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቪሴንቴ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ ወጥ ቤት መጣ። ትናንት የሰማውን እንዳልሰማ ለመሆን በጣም ይደክም ነበር።

«ማናንግ፣ ባይከፋዎት… ሰሌዳውን መሥሪያ ቤቱ ሊሰቅለው ይፈልጋል። ለመታሰቢያ። ለአዲስ ሠራተኞች ማስተማሪያም ይሆናል።»

«ውሰደው።»

«የምርዎን ነው?»

«ውሰደው አልኩህ እኮ። ሚስት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«እንግዲያው ቢሮ ስቀለው። ቤትህ እንዳታስገባው።»

ቪሴንቴ ሊስቅ ፈልጎ ፊቷን አየና ተወው። ሰሌዳውን ሲያወርደው ከጀርባው ግድግዳው በሌላ ቀለም፣ አዲስ እንደተቀባ ሆኖ ታየ። «እኔ ያኔ…» አለ፣ ሰሌዳውን እንዳቀፈ። «እኔ ሐሙስ ቢሮ ሰው ሲፈልጋቸው ‹ዝግ ሰዓት ላይ ናቸው› ብዬ ስንቱን መልሻለሁ። የገዛ ልጄ ልደት ሐሙስ ውሎ አልሄድኩም፤ እሳቸው አይሄዱም ነበር ብዬ።»

ዴልፊና ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነችለት። ወንበር ሳበችለት። የአለቃ ሚስትና ምክትል ሳይሆኑ፣ አንድ ሰው የከዳቸው ሁለት ሰዎች ሆነው ተቀመጡ።

እሑድ ጠዋት መንገዱ በመኪና ተጨናነቀ። የቪሴንቴ ሰንጠረዥ አሁንም በሩ ላይ ነው፤ ቪሴንቴ ግን አላነበበውም፤ ያለ ወረቀት ወዲያ ወዲህ ይላል። ከመንገዱ ማዶ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጥላ ሥር፣ ኢስቶይና ሁለቱ ጓደኞቻቸው ቆመዋል። የታጠበ ሸሚዝ ለብሰዋል። ወደ ግቢው አንድ እርምጃ እንኳ አልቀረቡም፤ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው በሩን ብቻ ያያሉ። ጊታሩን ቤታቸው ትተውት መጥተዋል።

«መኪናው ማለፊያ እንዲያገኝ ፈቀቅ በሉ ልበላቸው?» አለ ቪሴንቴ።

«ተዋቸው» አለች ዴልፊና።

«ልጥራቸው፣ እማ?» አለች አርሊን በለሆሳስ።

ዴልፊና ፊቷን ወደ ሳጥኑ መለሰች።

የቀብር አስፈጻሚው ሰው ጓንቱን አጥልቆ ወደ ሳጥኑ መጣ። ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት ቤተሰብ የመጨረሻ ስንብት እንደሚያደርግ ተናገረ። አርሊን አባቷን ግንባሩ ላይ ሳመችው፤ አፏን በመሐረብ ይዛ ዞር አለች። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ለመበለቲቱ መንገድ ለቀቁ። ጸሎት የምትመራዋ ባልቴት ዜማዋን ቀነሰች።

ዴልፊና ቀረበች። አውሬሊዮ ለብሶት የተኛው ነጭ ጥልፍ ባሮንግ ሸሚዝ የራሷ ምርጫ ነበር፤ ሰኞ ዕለት ራሷ ተኩሳ ነው የላከችው። አስከሬን ያሰናዱት ሰዎች እስከ ጉሮሮው ቆልፈውታል። አንገቱ ሥር ቆዳው ተጨምድዶ ኮሌታው ላይ ተኝቷል።

«መስታወቱን አንሳው» አለች።

ሰውዬው አነሳው። ሰው ሁሉ ትስመዋለች ብሎ ጠበቀ። ዴልፊና እጇን ዘርግታ የላይኛውን ቁልፍ በጣቷ ፈለገችው። ጠባብ ነበር፤ ጥፍሯ ሁለቴ አዳለጣት። ቪሴንቴ ሊያግዛት ብሎ ፈራ። በመጨረሻ ቁልፉ ወጣ። ቀጥሎ ያለውንም ፈታችው። ኮሌታውን ከአንገቱ ገለል አድርጋ፣ ነፋስ እንዲገባው አድርጋ፣ ግራና ቀኙን አሰፋችው።

አልሳመችውም።

«ዝጋው» አለች።